ጥማዱን የሚፈልገው ቦቃ

«በሬ አየሁ ማለት ዕብደት ነው? ንገረኝ እስኪ ሙሌ፣ ዕብደት ነው?» እያለች እማዬ ስትጮህ፣ አጎቴ ሙሉጌታ የክሊኒኩን ወረቀት አጥፎ መልሶ ይዘረጋው ነበር።

«እኔ ዕብደት የሚል ቃል ወጣኝ? ዶክተሯ የጻፈችውን ነው ያነበብኩልሽ። ሌላ ሰው የማያየው ነገር ያያሉ ይላል። ይኸው፣ እዚህ ጋ።»

እኔ ያኔ ስምንት ዓመቴ ነበር። አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ባለው አፓርትመንታችን ውስጥ፣ በሶፋውና በግድግዳው መካከል ባለችው ጠባብ ቦታ ጉልበቴን አቅፌ ተቀምጫለሁ። ሰው ሲጣላ የምሸሸው እዚያ ነበር። አያቴ፣ አባባ የምላቸው፣ ኮታቸውን እንደለበሱ ወንበራቸው ላይ ሆነው የተዘጋውን ቴሌቪዥን ያያሉ። ጠቡ በእሳቸው ነው። አጎቴ ከከተማው ማዶ አሌክሳንድሪያ ወዳለው ቤቱ ሊወስዳቸው መጥቷል፤ እማዬ ደግሞ ከእኔ ቤት አይሄዱም ብላለች። ስለ በሬው እውነቱን የምናውቀው እሳቸውና እኔ ብቻ ነበርን።

አባባ ከደብረ ታቦር የመጡት እኔ አንደኛ ክፍል ስገባ ነው። እማዬ ሆቴል ትሠራለች፤ ሺፍቷ የሚያልቀው ከመሸ በኋላ ስለሆነ ከትምህርት ቤት አውቶቡስ ስወርድ የሚቀበሉኝ እሳቸው ነበሩ። ቦርሳዬን ከትከሻዬ ይወስዱና፣ ሰው እንዳይቀድመን የፈሩ ይመስል ፈጠን ፈጠን እያሉ ወደ ቤት ይወስዱኛል። ልክ ስንገባ የድሮ ፊልሞች ብቻ በሚያሳየው ቻናል ላይ አንድ ተከታታይ ፊልም ይጀምራል። ባርኔጣ ያደረገ ሽበታም አባት፣ ያደጉ ልጆቹ፣ ዓይን የማይጨርሰው የግጦሽ መሬት፣ ፈረስና ከብት። ልጆቹ ጎልማሶች ናቸው፤ ግን ከአባታቸው ቤት አይወጡም። ጠዋት አብረው ይጋልባሉ፣ ማታ በአንድ ገበታ ይቀርባሉ።

አባባ እንግሊዝኛ አይሰሙም ነበር። እኔም የእነዚያ ሰዎች አነጋገር ግማሹ አይገባኝም። ስለዚህ ሰዎቹ ማውራት ሲጀምሩ አባባ ድምፁን ዝቅ ያደርጉትና ተረቱን ራሳቸው ይቀጥሉታል። ተረቱ ታዲያ ስለ ሰዎቹ አልነበረም፤ ስለ ከብቶቹ ነበር።

አገር ቤት ሠላሳ ዓመት ከብት ሲከትቡ ኖረዋል። ገበሬው መንጋውን ነድቶ ሲመጣ የተከተበውን ካልተከተበው በመልኩ ይለዩት እንደነበር ነግረውኛል። አንድ ዓመት መዝገባቸው በጎርፍ ተወስዶ፣ በማግስቱ ያንን ሁሉ ከብት ባለቤቱን እየጠሩ፣ ቀለሙን እየተናገሩ በቃላቸው አስጽፈውታል። ቴሌቪዥኑንም የሚያዩት እንደዚያው ነበር። «ያቺ ላም ውሃ ጠምቷታል፤ ጎኗን አየሽው?» ይሉኛል። ሁለት ሰዎች ሽጉጥ ተማዝዘው ሲፋጠጡ ደግሞ ይቆጣሉ፤ «እናንተ ሥራ ፈቶች፣ ከኋላችሁ ጥጃዋ እናቷን አጥታ ትጮሃለች እኮ!» እኔ እስቃለሁ። ትምህርት ቤት ውስጥ ድምፄን ሰምቶ የማያውቅ ልጅ ቢያየኝ አይለየኝም ነበር።

ተረት በእሳት ዳር ይወራ እንደነበር የሰማሁት ከእሳቸው ነው። እኔ የማውቀው እሳት ግን የቴሌቪዥኑ ብቻ ነው። ከብት ነጂዎቹ ሜዳ ላይ እንጨት አንድደው ሲቀመጡ የፍሙ ብርሃን የአባባ መነጽር ላይ ይርገበገባል፤ እሳቸውም እጃቸውን ወደ መስታወቱ ዘርግተው «አይ፣ ይሄስ አያሞቅም፤ ጭሱም አይሸትም» ይላሉ። እውነትም ለእኔ የሚሸተኝ የኮሪደሩ ምንጣፍ ላይ የፈሰሰው የጽዳት ሳሙና ነበር።

አንድ ቀን መንጋው ወንዝ ሲሻገር አባባ ድንገት ተነሥተው ጣታቸውን ቴሌቪዥኑ ላይ አሳረፉ።

«ቦቃውን አየሽው?»

ቦቃ ማለት ግንባሩ ላይ ነጭ ያለበት ከብት መሆኑን ያን ቀን ነው የተማርኩት። ቀይ በሬ ነው፤ ግራ ቀንዱ ወደ ዓይኑ ተቆልምሟል። «ትናንትም አልፏል» አሉ። አላመንኳቸውም። ከሁለት ቀን በኋላ፣ ታሪኩ ሌላ በሆነበት ፊልም ላይ፣ ያው በሬ ከአጥሩ ጀርባ ብቅ አለ፤ ወንዙ ዳር ሲደርስ ራሱን አንዴ ነቀነቀና ገባ። ሁለታችንም ጮህን።

አሁን አሥራ ስድስት ዓመቴ ስለሆነ ምክንያቱን አውቀዋለሁ። ፊልም ሠሪዎቹ መንጋውን አንዴ ቀርጸው፣ ከብት ባስፈለጋቸው ቁጥር ያንኑ ቁራጭ መልሰው ያስገቡታል። ያኔ ግን ለእኛ በሬው የሚሄድበት ነበረው። አባባ የሚሄድበትን በየቀኑ ይነግሩኝ ነበር። ቦቃው አብሮት የሚያርስ ጥማድ ነበረው፤ ጥማዱ ገበያ ተወስዶ ተሸጠበት፤ እሱም ከሌላ ሰው መንጋ እየተቀላቀለ በየወንዙ ይፈልገዋል። ራሱን የሚነቀንቀው የጥማዱን ሽታ ከውሃው ላይ ሲያጣው ነው። አንዳንድ ቀን ሳያልፍ ይቀራል። ያን ቀን አባባ እራት እንኳ ደስ ብሏቸው አይበሉም። በማግስቱ ሲያልፍ «ይኸው፣ ተስፋ አልቆረጠም» ብለው ጉልበቴን መታ ያደርጉኛል።

አጎቴ ክፉ ሰው አልነበረም። አባባ ሻይ ጥደው ረስተውት ማንቆርቆሪያው እንደ ከሰል ጠቁሮ፣ የሕንጻው ደወል ጮኾ፣ ጎረቤት ሁሉ በፒጃማ ወጥቷል። ቁልፍም ሁለት ጊዜ ጥለዋል። አጎቴ ፈርቶ ሐኪም ዘንድ ወሰዳቸው፤ ትምህርት ስላልነበረኝ እኔም ሄድኩ። አስተርጓሚዋ በስልክ ነበረች። ቀኑን፣ ወሩን፣ የልጆቻቸውን ስም ጠየቀቻቸው፤ መለሱ። ከዚያ «አባቴ፣ ሌላ ሰው የማያየው ነገር ያያሉ?» አለቻቸው።

አባባ ፈገግ አሉ። እዚህ አገር ከመጡ ወዲህ ስለሚችሉት ነገር የጠየቃቸው ሰው አልነበረም።

«አዎን፣ አያለሁ!» አሉ። «በየቀኑ የሚያልፍ አንድ ቦቃ በሬ አለ። ልጆቼ አይለዩትም። እኔ ግን አንዴ ያየሁትን በሬ አልረሳም።»

አስተርጓሚዋ በእንግሊዝኛ ተናገረች፤ ዶክተሯም ጻፈች። ቴሌቪዥን የሚለውን ቃል አባባ አላነሱትም፤ በሬ በዚህ ከተማ ሌላ የት ይታያል ብለው ነው። እኔ ቃሉ ነበረኝ። በእንግሊዝኛም በአማርኛም ነበረኝ። ዶክተሯ ቀና ብላ ስታየኝ ግን ጫማዬን አየሁ።

ወደ ጠቡ ልመለስ።

«ቴሌቪዥን ላይ ነው የሚያዩት፣ ሙሌ» አለች እማዬ።

«ጠየቅኋቸው እኮ! አብሬያቸው ቁጭ ብዬ አየሁ፤ በሬ የለም። በየቀኑ ሌላ ፊልም ነው ትዕግስት፣ እንዴት ነው ያው በሬ የሚመጣው? አንቺ ሥራ ነሽ። ልጅቷ ብቻዋን ከሳቸው ጋር ናት። ከማንቆርቆሪያው አልፎ ቤቱ ቢቃጠልስ?»

ያኔ አባባ ከጠቡ መጀመሪያ ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ አፋቸውን ከፈቱ።

«ሊዱ፣ አንቺም አይተሽዋል። ንገሪያቸው።»

ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። «ሊድያ፣ እውነት ነው?» አለች እማዬ፤ በዓይኗ እየለመነችኝ እንደነበር አሁን ድረስ ይታየኛል። ከሶፋው ጀርባ በጉልበቴ ወጣሁና ሪሞቱን አንሥቼ ቴሌቪዥኑን ከፈትኩ። ራሳቸው ይዩት ብዬ ነበር።

እሑድ መሆኑንና ፊልሙ እሑድ እንደማይመጣ ረስቼው ነበር። በዚያ ቻናል ላይ አንድ ሰው ቢላዋ እየሸጠ ቲማቲም ይከትፋል። ጠበቅሁ። ሰውየው ቲማቲሙን ጨርሶ የጫማ ሶል ቆረጠ። አሁን ያልፋል፣ አሁን ያልፋል እያልኩ ስጠብቅ አጎቴ ቀስ ብሎ፣ ለእማዬ ብቻ የሚናገር ይመስል፣ «አየሽ? ልጅቷንም አስለመዷት» አለ።

እማዬ ሶፋው ላይ ቁጭ አለች። «የጠዋት ሺፍት ጠይቄ ነበር» አለች፤ «የለም አሉኝ።» ከዚያ በኋላ አልተከራከረችም።

አባባ ባርኔጣቸውን አድርገው ተነሡ። በአጠገቤ ሲያልፉ ጎንበስ ብለው ራሴን ሳሙኝና «ነገ ካለፈ ደውለሽ ንገሪኝ» አሉኝ።

በማግስቱ አለፈ። ያ የታወቀ አጥር፣ ያ ወንዝ፣ ያ ራስ መነቅነቅ። ብቻዬን ነበርኩ፤ የምትጠብቀኝ ጎረቤታችን እስክትመጣ ለትንሽ ጊዜ። አሌክሳንድሪያ ደወልኩ፤ የአጎቴ ሚስት አነሣች። «ሄሎ? ሄሎ? ማን ልበል?» ስትለኝ ድምፄ አልወጣ አለ፤ ዘጋሁት። ሲያልፍ ሁሉ እደውላለሁ እያልኩ፣ አንድም ቀን ሳልነግራቸው ቻናሉ ፊልሙን አቆመ።

ባለፈው ወር ፊልሙን ኢንተርኔት ላይ አገኘሁት። ሦስት ክፍል መርጬ፣ መንጋው የሚሻገርበት ቦታ ላይ ምልክት አደረግሁና እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በባቡር ወደ አሌክሳንድሪያ ሄድኩ። አባባ መስኮቱ አጠገብ ነበሩ። ኮታቸው ንጹሕ ነው፣ ጥፍራቸው ተቆርጧል፤ አጎቴ በደንብ ይዟቸዋል። ሰላም ስላቸው እንደ እንግዳ እጄን በሁለት እጃቸው ተቀበሉኝ። ታብሌቱን ጭናቸው ላይ አስቀምጬ የመጀመሪያውን ከፈትኩላቸው። ቦቃው ከአጥሩ ጀርባ ብቅ አለ፣ ራሱን ነቀነቀ፣ ወደ ውሃው ገባ።

አባባ መነጽራቸውን አስተካከሉ።

«ይሄ የማን በሬ ነው?» አሉ። «መልካም በሬ ነው። ቀንዱ ግን ዓይኑን ሊወጋው ነው፤ ባለቤቱ ጫፉን ቢቆርጥለት።»

ሁለተኛውን አሳየኋቸው። እንደገና «ይሄ የማን በሬ ነው?» አሉኝ። ተረቱን ከነጥማዱ በጆሮአቸው ልነግራቸው ጀመርኩ። እሳቸው እንደነገሩኝ አድርጌ መናገር ግን አልቻልኩም፤ በእኔ አፍ ሲወጣ አጭርና ደረቅ ሆነብኝ። የቀረኝ እሱ ብቻ ነው፤ ደህና አድርጌ የማልተርከው ተረትና አንድ በሬ የማውቅበት ዓይን። በጨዋ ደንብ እስክጨርስ አዳመጡኝና ወደ መስኮቱ ዞሩ።

አጎቴ ሻይ ይዞ መጥቶ ከኋላችን ቆሞ እንደነበር አላየሁም።

«ያ ምንድን ነው?» አለኝ። «ድገሚው እስኪ።»

ደገምኩት። ከዚያ ሁለተኛውን፣ ከዚያ ሦስተኛውን አሳየሁት። በሦስቱም ሽበታሙ አባት ሌላ ልብስ ለብሷል፣ ልጆቹ በሌላ ነገር ይጣላሉ፤ በሬው ግን ያው ነው፤ በሦስቱም ወንዙ ዳር ሲደርስ ራሱን አንዴ ይነቀንቃል። አጎቴ ጎንበስ ብሎ ፊቱን ወደ ታብሌቱ አስጠጋ። የሻዩ እንፋሎት መስታወቱ ላይ ሲያርፍ በአውራ ጣቱ ጠረገው።

«አንቺ ያኔ ታውቂ ነበር?» አለኝ።

በጭንቅላቴ አዎን አልኩት። ድምፅ አላወጣሁም፤ አሁንም።

አባቱን አያቸው። እሳቸው የመስኮቱን መጋረጃ ጫፍ በጣታቸው ያሻሉ። አጎቴ ሻዩን የመስኮቱ ደፍ ላይ አስቀመጠና በነጠላ ጫማው በሩን ከፍቶ ወጣ። በመስኮቱ አየሁት፤ መኪናውን አልፎ፣ የፖስታ ሣጥኑን አልፎ፣ አንዴም ወደ ቤቱ ሳይዞር በእግረኛው መንገድ ሄደ።