ኡኡ ሲባል ወዴት እንደሚሮጥ

በእኛ አገር ኡኡ ሲባል ይሮጣል። ምን ሆኖ ነው ብሎ ቆሞ የሚጠይቅ የለም። ሌባም ይሁን፣ እሳትም ይሁን፣ ሰው ገደል ገብቶም ይሁን፣ የሚያርሰው ሞፈሩን ጥሎ፣ የምታቦካው እጇን ሳትታጠብ ይወጣሉ። ሰምቶ የቀረ ሰው ራሱን ቀን ሲጥለው ማንን ይጠራል? እኔም ከደብረ ማርቆስ ወደ ደምበጫ የሚወስደው መንገድ ቁልቁል ከሚታጠፍበት ስፍራ ሥር ያደግሁ ነኝና ይህን የተማርሁት ከፊደል በፊት ነው።

ስለዚህ አደገኛ ኬሚካል የጫነ መኪና ቢገለበጥ ምን እንደሚደረግ ዕቅድ እንዳዘጋጅ በመሥሪያ ቤቴ ታዝዤ፣ ከክልል የመጣውን ናሙና ስገልጥ ሳቄ መጣ። «የአካባቢው ኅብረተሰብ ከአደጋው ስፍራ ይርቃል» ይላል። ማን ነው የሚርቀው? ይህን የጻፈው ሰው በሕይወቱ ኡኡታ ሰምቶ እንደማያውቅ ታየኝ።

ሳቁ ግን አልበረከተም። ባለፈው ክረምት እዚያው መታጠፊያ ላይ አንድ የጭነት መኪና ተገልብጦ ነበር። የጫነው አሲድ ነው። ሰማያዊዎቹ በርሜሎች ተንከባልለው እርጥቡ መሬት ላይ ሲፈርጡ ነጭ ጭስ ተነሣ። አንዲት ሴት ከማሳዋ ሆና ኡኡ አለች፤ አገሩ ሁሉ ወጣ። ጭስ ካለ እሳት አለ ብለው በእንስራም በባልዲም ውኃ እያመጡ ደፉበት። ያ አሲድ ደግሞ ውኃ ሲነካው ይፈላል፣ ይረጫል፣ ይብስበታል። ያቃጠላቸው ደግነታቸው ነው። ታላቅ ወንድሜ ከሁሉ ቀድሞ ደርሶ ጭሱ መኻል ገባና የመኪናውን ረዳት ከጋቢናው ጎትቶ አወጣው። ረዳቱ ድኗል። ወንድሜ ግን ከዚያ ወዲህ አቀበት ሲወጣ ትንፋሽ አጥሮት መኻል ላይ ይቆማል፤ ሰው የሚያየው ከሆነ ጎንበስ ብሎ የጫማውን ማሰሪያ ይነካካል። የከተማው የእሳት አደጋ መኪና የደረሰው ሁሉም ነገር ካለቀ በኋላ ነበር። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ።

«ይርቃል» የምትለው ዓረፍተ ነገር ከዕቅዱ ትውጣ ብዬ ለኃላፊዬ ነገርሁት። ክፉ ሰው አይደለም፤ ስብሰባ ይወዳል እንጂ። ለሕዝቡ ግንዛቤ እንፈጥራለን አለኝ። አንዲት እናት የሌላዋን እናት ጩኸት ሰምታ ቁጭ እንድትል የሚያደርገው ግንዛቤ የት እንደሚሸጥ ጠየቅሁት። ነገር ታከርሪያለሽ አለኝ። እውነቱን ነው፣ አከርራለሁ። በየዓመቱ የሚታደስ፣ ማንንም የማያድን ወረቀት ላይ ስሜን ከማኖር ግን ነገር ማክረር ይሻለኛል።

አንድ እሑድ አገር ቤት ወርጄ፣ ከቅዳሴ በኋላ ሕዝቡ በቤተ ክርስቲያኑ ደጅ እንዲቆይልኝ ለመንሁ። የተሻለ የምነግራቸው ስላልነበረኝ ዕቅዱን እንደተጻፈው ነገርኋቸው፤ ከመታጠፊያው ኡኡታ ከሰማችሁ በያላችሁበት ቆዩ፣ ባለሙያ እስኪመጣ ማንም አይጠጋ አልሁ። እርስ በርስ ተያዩ፤ አንዳንዱም ሊሄድ ነጠላውን አጣፋ። በመጨረሻ ድጓ ሲያስተምሩ የኖሩት፣ አገር የሚያደምጣቸው የኔታ መቋሚያቸውን ተደግፈው ቀና አሉ።

«ልጄ፣ ሰው እየጮኸ ቁጭ በሉ ልትይን ነው ከከተማ ድረስ የመጣሽ? ታዲያ ክርስትናው ምኑ ላይ ነው?»

ተናደድሁ። የተናደድሁትም ልክ ስለነበሩ ነው። ፊቴን አዞርሁ። ወሩ ጥር ነበር። ከቤተ ክርስቲያኑ ባሻገር ያለው ኮረብታ ላይ ነፋስ የማይጠፋበት አውድማ አለ፤ የትናንቱ ምርት ገና ተቆልሎ፣ ላይዳና መንሹ ተሰክቶ ይታያል። ልጅ ሳለሁ አባቴ እዚያ ምርት ሲያዘራ አብሬው እውል ነበር። ላይዳውን ከማንሣቱ በፊት አንድ እፍኝ ገለባ ወደ ላይ በትኖ ነፋሱ ወዴት እንደሚወስደው ያያል። ከዚያ በኋላ እብቁ በሚሄድበት በኩል የሚቆም ሰው የለም። ሕፃን እንኳ አይቆምም፤ ዓይኑን ይቆጠቁጠዋላ። እኔ ከተማ ተቀምጬ «የነፋስ አቅጣጫ መለየት» እያልሁ ስጽፈው የከረምሁትን ነገር እኒህ ሰዎች በየዓመቱ ያደርጉታል። የጎደለው ነገር እንዲሮጡ መተው ነው፤ የሚሮጡበትን ቦታ መለወጥ ብቻ።

«የኔታ፣ ኡኡታው አይቅር» አልኋቸው። «መሮጡም አይቅር። ወዴት እንደምንሮጥ ብቻ እንስማማ።»

ተስማማን። ቀላል አልነበረም፤ ፀሐይ እስኪከርር ተጨቃጨቅን። ከመታጠፊያው በኩል ኡኡ ከተባለ ሁሉም የሚሮጠው ወደ አውድማው ነው። እዚያ ሰው ሁሉ ይተያያል፣ የጎደለ ካለ ይታወቃል። ገለባ ይበተናል። ነፋሱ ወደ መንደሩ የሚነፍስ ከሆነ ሕፃናትና አቅመ ደካሞች ኮረብታውን ይዘው ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ያልፋሉ፤ ከብትም ከታች ካለው ወንዝ ይመለሳል። ሁለት ሰዎች ብቻ፣ ነፋሱን በጀርባቸው አድርገው ወደ መኪናው ይወርዳሉ። የሚያወጡት ሰው ነው፤ በርሜል አይነኩም፣ የፈሰሰው ላይ ውኃ አይደፉም። ውኃው የሚያስፈልገው ከጭሱ ርቆ የተጎዳውን ሰው ለማጠብ ነው።

ሁለቱ እነማን ይሁኑ ሲባል ወንድሜ ተነሣና አንዱ እኔ ነኝ አለ። አይሆንም አልሁ። አንዴ ጭሱን የሳበ ሰው ሁለተኛ አይገባም። በሰው ሁሉ ፊት፣ በታላቅ ወንድሜ ላይ፣ የትንፋሹን ነገር አንሥቼ ነው የተናገርሁት። ጋቢውን አጣፍቶ ወጥቶ ሄደ፤ ሌሎች ሁለት ጎረምሶች ተመረጡ። እናቴ ታላቅሽን አዋረድሽው ብላ አኮረፈችኝ፤ እሱም በመንገድ ሲያገኘኝ ሰላምታውን ከጎኔ ላለው ሰው መስጠት ጀመረ። ከፋኝ። ቢሆንም ቃሌን አላነሣሁም፤ ከቀብሩ ኩርፊያው ይሻለኝ ነበር።

እንደ ተስማማነው አድርጌ የጻፍሁት ዕቅድ ክልል ደርሶ ሲመለስ የሁለቱ ሰዎች ነገር በቀይ ተሰርዟል። ሊያስረዳኝ የመጣው ባለሙያ ትሑት ሰው ነው፤ ያልሠለጠነ ሰው ወደ ኬሚካል አይጠጋም፣ ዓለም የሚሠራበት ደንብ ይህ ነው አለኝ። አውቃለሁ፣ ደንቡን እኔም አንብቤዋለሁ። የሠለጠነው ቡድን ከየት ተነሥቶ በስንት ሰዓት እንደሚደርስ ስጠይቀው ግን እንደ ሁኔታው ይወሰናል አለ። ሹፌሩ እንደ ሁኔታው እያቃሰተ ይጠብቅ ማለት ነው። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት የሚለውን ተረት የተረቱት ሰዎች ደንብ ስለማያውቁ አልነበረም። ሰዎቹ ያልሠለጠኑ ከሆነ አሠልጥኗቸው፣ ባዶ እጃቸውን ከሆነ አልብሷቸው አልሁት። ጭምብል፣ ወፍራም ጓንትና ቦት ጫማ እስኪሰጡኝ ድረስ በየቢሮው ተመላለስሁ፤ ሲያዩኝ በር መዝጋት ጀምረው ነበር። ሰጡኝ። ሁለቱን ሰዎች ከከተማው የእሳት አደጋ ሠራተኞች ጋር አገናኘሁ፤ ማጥለቁንም ማውለቁንም ተማሩ። ዕቃው በቤተ ክርስቲያኑ ዕቃ ቤት ተቀመጠ።

«አንዱ ቢሞትብሽ ኃላፊነቱን ማን ይወስዳል?» አለኝ ኃላፊዬ ዕቅዱን ከፊቱ አድርጎ።

«እኔ።»

ፈረምሁ። ከዚያ ወዲህ ስልኬ በጮኸ ቁጥር ከመታጠፊያው የተደወለ ይመስለኝ ነበር።

የፈራሁት ቀን የመጣው ግን በስልክ አልነበረም። የግንቦት ዝናብ ጥሎ መሬቱ ለእርሻ ሲለሰልስ፣ ለአባቴ ተዝካር ፈቃድ ወስጄ አገር ቤት ነበርሁ። ረፋዱ ላይ ከመታጠፊያው በኩል የብረት ድምፅ ተሰማ፣ ወዲያው ኡኡታው ተከተለ። ያን ሁሉ ያስተማርሁት እኔ ራሴ፣ እግሬ ወደ መታጠፊያው ዞሮ ነበር። እናቴ ናት ክንዴን ይዛ ወደ ኮረብታው የጎተተችኝ።

ከአውድማው ላይ ሆነን ሁሉም ይታየን ነበር። መኪናው በጎኑ ተጋድሟል፤ ነጩ ጭስ መሬት ለመሬት ይሳባል። ወንድሜ ከመታጠፊያው አጠገብ ያለውን ማሳ ሲያርስ ነበር፤ ከሰው ሁሉ ለመኪናው የሚቀርበው እሱ ነው። ጅራፉን ጥሎ ሮጠ። መንገዱ ሁለት ከሚከፈልበት ደረሰና ቆመ። አንዱ ወደ መኪናው፣ አንዱ ወደ እኛ ነው። በዚያው ቅጽበት የሹፌሩ ድምፅ ከታች ወጣ። «የሰው ያለህ!» ይላል። «የሰው ያለህ!»

ወንድሜ ቆመ። የኔታ ከጎኔ ሆነው የሚሉትን ጸሎት ሳይቀር አቋረጡ።

ከዚያ ፊቱን ወደ ኮረብታው መለሰ።

ሁልጊዜ ከሁሉ የሚቀድመው ሰው የመጨረሻ ሆኖ ደረሰ። እየተጎተተ፣ ሁለት ጊዜ ቆሞ ነው የወጣው፤ በዚያ ቀን ግን ጫማውን አልነካካም። ከተከመረው ገለባ እፍኝ ሙሉ ዘግኖ በተነው። ነፋሱ ወደ ወንዙ ወሰደው። ዕቃውን ከቤተ ክርስቲያኑ ይዘው ለመጡት ለሁለቱ ሰዎች በእጁ አመለከታቸው፤ በላይኛው ግጦሽ ዞራችሁ ግቡ ማለቱ ነው፣ ለመናገር ትንፋሽ አልነበረውም። ጭምብሉን አጥልቀው ወረዱ። እነሱ እስኪወጡ ድረስ የኖርሁትን አልናገርም። ሹፌሩን ተሸክመው ወጡ፤ እግሩ ተሰብሯል፣ አንድ ክንዱ ተቃጥሏል፣ በሕይወት አለ። ሴቶቹ ርቀው ከጀሪካን ውኃ እያፈሰሱ አጠቡት። በርሜል የነካ፣ ጭሱ ላይ ውኃ የደፋ አንድም ሰው አልነበረም።

በኋላ ያልተፈቀደላቸው ሰዎች እንዲገቡ ያደረገው ማን እንደሆነ ከክልል ተጠየቀ። ያንኑ «እኔ» መለስሁላቸው፤ ዛሬም ቢጠይቁኝ ያው ነው።

የከተማው የእሳት አደጋ መኪና ደርሶ ሠራተኞቹ መንገዱን ሲዘጉ ወንድሜ አውድማው ዳር ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ነበር። ሄጄ አጠገቡ ተቀመጥሁ። ከዚያ እሑድ ወዲህ በቀጥታ ያናገረኝ ያን ጊዜ ነው።

«ጠራኝ። ሰማሁት። አልሮጥሁም» አለኝ። ዓይኑ እንባ አቅርሯል። «ሁለተኛ እንዲህ ያለ ነገር እንዳታዝዥኝ።»

«አዝዝሃለሁ» አልሁት።

አየኝ። ሳሉ ያዘው፤ እስኪለቀው ሁለታችንም ጠበቅን።

«እንግዲያው ውረጅና በሬዎቼን ፍችልኝ» አለ። «እንደ ተጠመዱ ነው የተውኋቸው።»

በከተማ ጫማዬ ጭቃውን እየረገጥሁ፣ በላይኛው ግጦሽ ዞሬ፣ በሬዎቹን ልፈታ ወረድሁ።