ለእናቴ የነደፍኩት ፎቅ

በጃንሆይ ዘመን አዲስ አበባ የሕንፃ ንድፍ ተምሬ ነቀምቴ ስመለስ፣ ከእኔ በላይ አዋቂ ያለ አይመስለኝም ነበር። ጥቅል ወረቀት ብብቴ ሥር ሸጉጬ ነበር ከተማውን የምዞረው፤ ዛሬ ሳስበው ያሳፍረኛል። የመጀመሪያ ሥራዬ እናቴ የምትኖርበትን የጭቃ ቤት አፍርሶ በቦታው ፎቅ መሥራት ሆነ። ምድር ቤቱ ሦስት ሱቅ፣ ከላይ በጓሮ በኩል የሚከራዩ ክፍሎች፣ በመንገድ በኩል ደግሞ የእናቴ መኖሪያ። ሱቅም ኑሮም በአንድ ጣራ ሥር! ያኔ በከተማው እንዲህ ያለ ቤት ብዙም አይታይም ነበር።

አሮጌው ቤት ፊት ለፊቱ በረንዳና የእንጨት አግዳሚ ነበረው። ከጉቴ ለገበያ የሚመጡ ሴቶች ሸክማቸውን እዚያ አውርደው ያርፋሉ። ጎጃም የተወለደችው እናቴ ኦሮምኛን የለመደችው እዚያች አግዳሚ ላይ ነው። ከሁሉም አንዲት ቅቤ ሻጭ ነበረች፤ በገበያ ቀን ሳትቀመጥ አታልፍም። «ኦቦሌቲ» ይባባሉ ነበር፣ እህቴ ማለታቸው ነው። አባቴ የሞተ ጊዜ እናቴን አባብላ እህል ያስቀመሰቻት እሷ ናት።

ንድፉን ዘርግቼ ሳሳያት እናቴ ብዙ አየችው።

«እኔ የት ነው የምቀመጠው?» አለች።

«ላይ ነዋ! ሰገነት አለሽ፤ ከተማውን በሙሉ ታዪበታለሽ።»

«ለእኔ ወደ መንገዱ አንዲት በር ብትተውልኝስ፣ ልጄ? ጉልበቴን ታውቀው የለ።»

«የመንገዱ ፊት ለሱቅ ነው፣ እማዬ። ይሄ የሙያ ነገር ነው፤ ለእኔ ተይው» አልኳት። ምላሴን በቆረጠው! እሷም «እሺ፣ አንተ ታውቃለህ» አለች።

ቤቱ አለቀ። ደረጃውን ሊሾ አስደረግሁት፤ ፊት ያሳያል። እናቴ ተደግፋ አንዴ ወጣች፣ ከዚያ ወዲያ ጉልበቷ መውረድ እምቢ አላት።

ክረምት ገባ። የነቀምቴን ጭቃ የሚያውቅ ያውቀዋል። ቅቤ ሻጯ በገበያ ቀን መጥታ ደረጃውን አየች፤ ጭቃ የለበሰ እግሯን አየች፤ ወደ ኋላ ተመልሳ ከመንገዱ ተጣራች። እናቴ ሰገነቱን ተደግፋ «ኮቱ! ነይ ውጪ እንጂ!» ትላለች።

«እግሬ ጭቃ ነው፤ የልጅሽን ቤት አላበላሽም። አንቺ ውረጂ» ትላለች ያችኛዋ።

መሀል ላይ የጭነት መኪና መጥቶ ድምፃቸውን ዋጠው። እኔ ሱቁ በር ላይ ቆሜ እሰማ ነበር። እግሯን አስታጥቤ ማስወጣት አቅቶኝ ነው? ለደረጃዬ ሳስቼ ዝም አልኩ። እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

ሁለት ሦስት ገበያ እንደዚያ ሲጠራሩ ከረሙ። ከዚያ ሴትዮዋ በሌላ መንገድ ማለፍ ጀመረች። እናቴ ግን በገበያ ቀን ከሰገነቱ አትጠፋም፤ ምሳዋንም እዚያው ነበር የምትበላው። አንድም ቀን አልወቀሰችኝም። ምነው በወቀሰችኝ!

በሁለተኛው ክረምት ሞተች። አስከሬኗ ሊወጣ ሲል ቁልቁል ባይ፣ ቅቤ ሻጯ ዝናብ እየወረደባት ከደረጃው ሥር ቆማለች። ሮጬ ወርጄ እጇን ያዝኩ።

«ከነጭቃሽ ላይ ውጪ፣ እማማ፣ በእግዜር!» አልኳት እያለቀስኩ።

እጇን ቀስ አድርጋ አስለቀቀችኝ።

«ተወኝ ልጄ» አለች። «ዛሬ እሷ ትወርዳለች። እዚሁ እጠብቃታለሁ።»