ጨው የማይጨመርበት ጋምበሪ

ወሎ ሰፈር አጠገብ ያለው ሆቴል ወጥ ቤት የገባሁ ቀን የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ ነበርኩ። ማዕረጌ ሳህን አጣቢ ነው። ዋናው ወጥ ሠሪ ጋሽ ተካ ከአሰብ በበረዶ የመጣ ሳጥን ከፍቶ ወደ ፊቴ አስጠጋው። ጮህኩ።

«አይዞሽ፣ ሞቷል» ብሎ ሳቀብኝ። «ጋምበሪ ይባላል። የባሕር በረሮ በይው።»

«ሰው ይበላዋል?»

«ፈረንጅና ትልልቅ ሰዎች ይበሉታል። እኔና አንቺ እናበስለዋለን እንጂ አንቀምሰውም። ሃይማኖታችን የት ሄዶ!»

በሦስት ወር ቅርፊቱን መላጥ፣ ከጀርባው ጥቁሩን ክር በቢላ ጫፍ መምዘዝ ቻልኩ። በስድስት ወር ረዳት ሆንኩ። ነጭ ሽርጥ ተሰጠኝ! ለብሼው ሰፈር ድረስ ሄድኩ።

ጋሽ ተካ ስለማይቀምስ በጆሮው ነበር የሚያበስለው። በቆርቆሮ ታሽጎ የሚመጣውን ቅቤ መጥበሻ ላይ አቅልጦ ጎንበስ ብሎ ያዳምጣል። መንጫጫቱን ሲተው የተከተፈ ነጭ ሽንኩርት፤ ሽታው ሲነሳ ጋምበሪው። ሲቀላና ሲጠቀለል አንዴ ገልብጦ፣ ሎሚ ጠብ አድርጎ ያወጣዋል። ከቆየ ጎማ ይሆናል።

ሐሙስ ሐሙስ ምሳ ሰዓት ካኪ የለበሰ ሰውዬ ይመጣል። ሁልጊዜ ብቻውን፣ ሁልጊዜ ጋምበሪ። ሲገባ አስተናጋጆቹ ሳቃቸውን ያቆማሉ። ማን እንደሆነ የነገረኝ የለም፤ እኔም አልጠየቅኩም።

አንድ ሐሙስ ጋሽ ተካ አልመጣም። ኮፍያው መስቀያው ላይ ነው። ቢላዎቹ ተስለው ተደርድረዋል። ሥራ አስኪያጁ አቶ ሰይፉ ላብ በላብ ሆነው ገቡ።

«ቤቱ አላደረም። ሳይሸሽ አልቀረም» አሉኝ በሹክሹክታ። «ሰውዬው መጥቷል። ተካ መጥፋቱን ካወቀ ዛሬውኑ ያሳድደዋል። እባክሽ የኔ ልጅ፣ ልክ የሱን እጅ አስመስይ።»

ቅቤውን አዳመጥኩ። ነጭ ሽንኩርቱን በጊዜው፣ ጋምበሪውን በጊዜው ጨመርኩ። በመጨረሻ ግን ጋሽ ተካ ጨው ሲያደርግ አይቼው እንደማላውቅ ትዝ አለኝ። ‹ያለ ጨው ምን ወጥ አለ? ሳላየው ቀርቼ ነው› ብዬ ቆንጠር አድርጌ በተንኩበት።

ብዙም ሳይቆይ አንዱ አስተናጋጅ ወደ ሰውዬው ጠረጴዛ ጠራኝ። ፊቱ አመድ መስሏል።

ሰውዬው ሳህኑን ጨርሶታል። ጣቶቹን አንድ በአንድ እየጠረገ «ማነው የሠራው?» አለኝ።

«ጋሽ ተካ ነው፣ ጓድ።»

ፈገግ አለ። ድምፁ እንደ አባት ለስላሳ ነው። «የቆርቆሮ ቅቤ ጨው አለው፣ የኔ ልጅ። በሚቀጥለው ሐሙስ እንዳትጨምሪ።»

«እሺ፣ ለጋሽ ተካ እነግረዋለሁ።»

«ላንቺ ነው የምልሽ። ኮፍያውንም ከመስቀያው አውርጂው።»

ሰውዬው ወጥ ቤታችን ገብቶ አያውቅም።

ይኸው ሁለት ዓመት ሆነኝ። ጋሽ ተካ አልተመለሰም። ጋምበሪ የምሠራው እኔ ነኝ፣ ሐሙስም ጭምር። ለአዲስ ገቢዎች የምለው ይህን ነው፦ ራሳችሁ የማትቀምሱትን ምግብ፣ የሚቀምስ ሰው ሳታስቀምሱ ከወጥ ቤት አታስወጡ።