ለፍጻሜው ቀን የወጣው ዕጣ

የቀበሌያችን ቡድን ለዋንጫ ፍጻሜ የደረሰው ሩዝ በሚታጨድበት ሰሞን ነው። ሩዝ ከደረሰ ቀጠሮ አያውቅም። ጥቂት ቀን ከዘገዩበት ፍሬው ይረግፍና የዓመት ልፋት የወፍ ቀለብ ይሆናል። ተጫዋቾቹ ደግሞ ከአንድ እስከ አሥራ አንድ አጫጆች ናቸው። ወሩን ሙሉ ማጭድ ይዘው ሲያጎነብሱ የከረሙ ልጆች እሑድ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ወረታ ከተማ ሜዳ ገብተው ዘጠና ደቂቃ ሊሮጡ ነው። ተጋጣሚው ከይፋግ በኩል የመጣ፣ ዓምናም ዋንጫ የበላ ቡድን ነበር።

እኔ ያን ጊዜ ተድሬ ወረታ እኖራለሁ፣ ከሩዝ መፈልፈያ ቤትም እሠራለሁ። የቡድኑ በረኛ ታናሽ ወንድሜ ነው። ከተማው ውስጥ ያደረገው ጨዋታ አንድም አላመለጠኝም። ሜዳው ዳር ቆሜ እንደ ወፍ ጠባቂ እጮሃለሁ፣ ከዳኛ ጋር እጣላለሁ፣ ማታ ድምፄ ተዘግቶ እገባለሁ። ባሌ «ዛሬስ ከዳኛው ታረቃችሁ?» ብሎ ይቀልድብኛል። አልታረቅም። እስከ ዛሬ ቂም የያዝኩበት ዳኛ አለ።

አባቴ ግን ወንድሜ ሲጫወት አንድ ቀን አይተው አያውቁም። እሱን ያሰቡት ለድቁና ነበር። ዳዊት እንዲደግም ማዶ ካለው ደብር ከየኔታ ዘንድ ላኩት። ሁለት ዓመት ተማረና በሦስተኛው ኳስ ታቅፎ መጣ። አባቴ ምንም ሳይናገሩ ኳሷን በማጭድ ሰነጠቋት። ከዚያ ወዲህ በቤታችን ስለ ኳስ ተወርቶ አያውቅም። ወንድሜ ጉልበቱ ተልጦ ሲመጣ አባቴ «በሬ ረገጠህ?» ይላሉ፣ እሱም «አዎ» ይላል። ስንት ዓመት ሙሉ ምስኪን በሬዎቻችን ባላጠፉት ተወነጀሉ።

የፍጻሜው ሳምንት በገባ በሁለተኛው ቀን አንዲት ጎረቤታችን ሩዝ ልታስፈለፍል ወደ ሥራ ቦታዬ መጣች። ጆንያዋን አውርዳ ሳታበቃ፣ «አባትሽ ጠይቂልኝ ብለውኛል፤ እሑድ ከየት በኩል ቢቆሙ ነው በረኛው ደህና አድርጎ የሚታያቸው?» አለችኝ። በረኛው ነው ያሉት። ልጄ አላሉም። እኔ ግን ገለባው ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ሴትዮዋ ክፉ ወሬ የነገረችኝ መስሏት ደነገጠች።

አርብ ፈቃድ ጠይቄ ቤተሰቦቼ ዘንድ ወረድኩ። ከወረታ የአንድ ሰዓት የእግር መንገድ ነው። አገሩ አገር አልመስል አለኝ። የተጫዋቾቹን ማሳ አስቀድመው በደቦ ሊያነሱላቸው ሰው ሁሉ ወጥቷል። ሌላ ጊዜ ስለ ድንበር የማይነጋገሩ ሰዎች አንዱ የሌላውን ሩዝ ያጭዳሉ። አውራጁ ያወርዳል፣ ሌላው ይቀበላል።

ዋንጫው መንገደኛ፣ የት ውሎ የት ያድራል፣
እሑድ ፀሐይ ስትጠልቅ እኛ ቤት ይገባል።

ተጫዋቾቹ ከሐሙስ ጀምሮ ማጭድ እንዳይነኩ ተከልክለዋል። ጾም ስለሆነ ወተትም ሥጋም የለም። ሴቶቹ በየተራ ተልባ በጥብጠው ይግቷቸዋል። ልጆቹ ግን ሥራ ፈትቶ መቀመጡ አልሆንላቸው ብሎ ተደብቀው ሊያጭዱ ይመጣሉ፣ ሽማግሌዎቹም እንደ ከብት እየነዱ ይመልሷቸዋል። ወንድሜን አንድ ዛፍ ሥር ተጋድሞ አገኘሁት። «እግሬ ደነዘዘ፤ ይኸ ዕረፍት ነው የሚጥለን» አለኝ። አባታችን ሊያዩት እንዳሰቡ ልነግረው ምላሴ ላይ ደረሰ፣ ዋጥሁት። ቢያውቅ ኳሱ ከእጁ ያመልጠዋል ብዬ ፈራሁ።

የአጥቢያችንን ቄስ እንኳ አላስቀመጧቸውም። አንዱ «አባ፣ እንግዲህ በጸሎት ያስቡን» ቢላቸው፣ «ማዶም እኮ የንስሐ ልጆች አሉኝ። እግዜርን በኳስ አላስቸግረውም» ብለው መለሱለት። ትንሽ ራመድ ብለው ዞር አሉና «በረኛው ግን ደህና ነው?» ብለው ጠየቁ።

ቤት ስደርስ የአባቴ ጋቢ ታጥቦ አጥር ላይ ተሰጥቷል። በአጨዳ ሰሞን፣ በሥራ ቀን! «ጋቢው ምነው?» ብላቸው «አቧራ ነክቶት ነው» አሉኝ። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ። እኔም ያልገባኝ መስዬ፣ «ስትመጡ ከፀሐይ መግቢያ በኩል ካለው ጎል ጀርባ ቁሙ፤ ከዕረፍት በኋላ ግን ወደ ማዶው ጎል ይሄዳል» አልኳቸው። «ለምን? ምን አጠፋ?» አሉ።

ከሰዓት በኋላ ግን ማንም ሊያነሳው ያልፈለገው ነገር ተነሳ። ሰው ሁሉ ወረታ ከሄደ አገሩን ማን ይጠብቃል? ያልተወቃው ሩዝ በየአውድማው ተከምሯል። በታጨደው ማሳ ላይ የተዘራው ጓያ ገና ለጋ ነው፣ ከብት ካመለጠ ቀጥ ብሎ የሚገባው እሱ ውስጥ ነው። እኛ ዘንድ እንዲህ ሲሆን ዕጣ ይጣላል። እያንዳንዱ አባወራ ጠጠርም ይሁን ጭራሮ አንድ ምልክት ኮፍያ ውስጥ ይጨምራል። የማን ምልክት የቱ እንደሆነ የማያውቅ ሰው እጁን ከትቶ አንዱን ያወጣል። የወጣበት ይቀራል፣ ጥበቃውም የሱ ነው።

ዕጣ የሚያወጣው ብዙ ጊዜ መንገደኛ ነው። ያን ቀን መንገደኛ ጠፋና ዓይናቸው እኔ ላይ ዐረፈ። አንዱ «የሳቸው ልጅ አይደለችም እንዴ?» ቢል፣ ትልቁ ሽማግሌ «ሴት ልጅ ከተዳረች የሰው ናት፤ እንግዳ ማለት እሷ ናት» ብለው ዘጉት። ወደ እኔ ዞረውም፣ «ዕጣ የነካካ ዕጣው የራሱ እንደሆነ ታውቂያለሽ። ብታጭበረብሪ አንቺው ነሽ የምትቀሪ» አሉኝ። ሰዉ ሳቀ፣ እኔም ሳቅሁ። ፊቴን አዙሬ ቆምኩ፣ እነሱም ምልክታቸውን ጨመሩ።

አባቴ ለዕጣ የሚጥሉት ሁልጊዜ አንድ ነገር ነው። የሞተ በሬያቸው የቀንድ ቁራጭ፣ ከኪሳቸው የማይለይ። ግጦሽ ሲከፈልም እሱን ነው የሚጥሉት። ልጅ ሆኜ ስጫወትበት ስላደግሁ ልስላሴውን ጣቴ ያውቀዋል። እጄን ኮፍያው ውስጥ ስከት አንድ ለስላሳ ጠጣር ነገር ነካኝ። «አገኘሁህ» አልኩ በልቤ። ለቀቅሁት። እንደገና ነካሁት፣ እንደገና ሸሸሁት። ከዚያ ሸካራ የአፈር ጓል አገኘሁና ጨብጬ አወጣሁ።

«የማን ነው?» አሉ ሽማግሌው።

«የኔ ነው» አሉ አባቴ።

የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ይባላል። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። ለስላሳው ነገር የአንድ ጎረቤታችን የዱላ ቁራጭ ኖሯል። ሁለት ሰዎች «የርስዎን እኛ እንቁም፤ ልጅዎን ይዩ» ብለው ለመኗቸው። አባቴ «ዕጣ ከወጣ ወጣ ነው» አሉ። ቤት ስንገባ፣ «አባዬ፣ ቀንዱስ?» ብዬ ጠየቅኋቸው። «ልጁ አውቃ ተወችለት እንዳይባል ደበቅሁት» አሉኝ። ይህን ሲሉ ደስ ብሏቸው ነበር። ተጠንቅቀው የሠሩት ነገር ነውና። ጋቢውን ከአጥሩ አውርደው አጠፉት፣ ሣጥን ውስጥም ከተቱት። ወይ ሐሜትን መፍራት! እሳቸው የፈሩትን ነገር እኔ አስቀድሜ ሠርቼው ቁጭ ብያለሁ።

ቅዳሜን እንዴት እንደዋልኩ አልረሳውም። ልጆቹ እንዲያርፉ ተብሎ በአይሱዙ ተጭነው ወረታ ሊያድሩ ሄዱ። ሴቶች እልል ይላሉ፣ አሮጊቶች ይመርቃሉ። አባቴ ከሩቅ ቆመው አዩ። ወንድሜም አያቸው። እጅ አልተነሳሱም። መኪናው አቧራውን አስነስቶ ሲሄድ አባቴ ወደ አውድማው ተመለሱ፣ እኔም ከራሴ ጋር ሙግት ገጠምኩ።

ብናገር አባቴ ይሄዳሉ፣ እኔ እቀራለሁ። ሕጉ እንደዚያ ነው። በዚያ ላይ ውርደቱ አለ፣ የእገሌ ልጅ ዕጣ ነካካች መባሉ። እውነቱን ልናገርና ከውርደቱ ይልቅ የከበደኝ ጨዋታው ነበር። ያን ሁሉ ጊዜ በፀሐይ የቆምኩት እኔ፣ ማሊያውን ያጠብኩት እኔ፣ ጫማውን ከአባቴ ዓይን የደበቅሁት እኔ። ዛሬ ፍጻሜው ሲደርስ ልቅር? «አባዬ ደግሞ ጨዋታውን አያውቁትም። ሄደውስ ምን ይገባቸዋል?» አልኩ። ይህን ሳስብ ራሴን ታዘብኩት። እህል አልበላ አለኝ። ያች የታጠበች ጋቢ ከዓይኔ አልጠፋ አለች።

እሑድ ቅዳሴ አልቆ ሰዉ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ወጣ፣ ለመንገድም ተሰናዳ። ባንዲራ ያነገተ አለ፣ ጡሩምባ የያዘ አለ፣ እግሩን የሚያመው ሽማግሌ እንኳ በቅሎ አስጭኗል። አባቴ ዱላቸውን ይዘው ሰዉ እስኪሄድላቸው ጥግ ቆመዋል። ትልቁ ሽማግሌ ዘንድ ቀረብኩና ሰው እየሰማ፣ «ዕጣውን ነካክቻለሁ። ለስላሳውን የአባቴ ነው ብዬ ሁለት ጊዜ ተውኩት። ጓሉን መርጬ ነው ያወጣሁት» አልኩ።

አንዲት ሴት «ውይ!» ስትል ሰማሁ። ጎረቤታችን፣ ባለ ዱላው ሰውዬ፣ «እኔን ልታስቀሪኝ ኖሯል ማለት ነው?» አለ። ያዳንኩት እኔ ነኝ፣ ግን እሱን የማስረዳበት ጊዜ አልነበረም። ሽማግሌው ጢማቸውን ሲዳብሱ ቆዩና «ሕጉን ነግሬሻለሁ» አሉ። «አዎ» አልኩ። «ሴት ብቻዋን አታድርም፣ ግን መዋል ትውላለች። አንቺው ነሽ።»

አባቴ አንገታቸውን ደፍተዋል። ፊታቸው ቀልቷል። «ምን አስለፈለፈሽ?» አሉኝ ቀስ ብለው። «አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም» አልኳቸው። አልሳቁም። «አልሄድም» አሉ። ያን ጊዜ ቄሱ ጣልቃ ገቡ። «እሷ ተቀጥታለች። እርስዎ ከቀሩ ቅጣቷን በከንቱ አደረጉባት ማለት ነው። ይሂዱ» አሏቸው። አባቴ ዱላቸውን ሰጡኝና ወደ ቤት ገቡ። ሲወጡ ጋቢውን ለብሰዋል፣ እጥፋቱ አልተፈታም። ወደ እኔ ሳያዩ ከሰዉ ኋላ ኋላ ሄዱ።

ሜዳው ባዶ ሲሆን እንዴት እንደሚሰፋ ያን ቀን ነው ያወቅሁት። ከብቶቹን ቃርሚያው ላይ አዋልኳቸው። አንዲት ፈጣሪዋን የማትፈራ ጊደር ሦስት ጊዜ ጓያው ውስጥ ገባች፣ ሦስት ጊዜ እየሰደብኩ አስወጣኋት። ኔትወርክ በዚያ ወር ስለጠፋ ስልኬ ለሰዓት ማያ ብቻ ነው የሚያገለግለው። ዘጠኝ ሰዓት ሆነ። ተጀመረ አልኩ። ወደ ወረታ ዞሬ የሩዝ ክምር ላይ ወጣሁ፣ የሚታይ ነገር እንደሌለ እያወቅሁ። ነፋሱ ሲመቸው ጩኸት ያመጣል። አንድ ጊዜ ትልቅ ጩኸት መጣ። ጎል ነው። የማን? ይህን የሚነግረኝ ከጊደሯ በቀር ማንም የለም። እንደገና ጩኸት መጣ፣ ረዥም። በንዴት ክምሩን በዱላ መታሁት። ሄጄ ቢሆን ኖሮ ብዬ ልጸጸት ሞከርኩ፣ ግን አልጸጸት አለኝ። አባቴን ጎሉ ጀርባ ቆመው ሳስባቸው ንዴቴ ይበርዳል፣ ጩኸት ስሰማ ደግሞ ይመለሳል። እንዲህ ስሆን ዋልኩ።

ፀሐይ ወደ ጣና ልትጠልቅ ስትል አንድ ሰው ብቻውን በአቋራጩ ብቅ አለ። አባቴ ነበሩ። ዋንጫው እስኪሰጥ ሌላው ሰው እዚያው ቀርቷል፣ እሳቸው ግን እኔ ብቻዬን እንዳይመሽብኝ ፊሽካው እንደተነፋ ተነሥተው መጡ። ጋቢያቸው አቧራ ለብሷል። አላስቻለኝም፣ ገና ሳይደርሱ ሮጥኩ።

«ስንት ለስንት?» አልኩ።

አባቴ ቆም አሉ። ትንፋሻቸውን እስኪሰበስቡ ጠበቅሁ።

«ሁለት ጊዜ ወደቀ» አሉ። «አንዴ በግራ ጎኑ፣ አንዴ በፊቱ። ጉልበቱ ደምቷል፣ ግን አላነከሰም። ሌሎቹን ይቆጣቸዋል፣ እነሱም ይሰሙታል። ያ ሁሉ ሕዝብ ስሙን ያውቀዋል።»

«እና አሸነፍን?»

«እኔ እሱን ሳይ ነው የዋልኩ፣ ልጄ» አሉኝ። «የቀረውን ሲመጡ ጠይቂያቸው።»