«ትማር» የተባለችው ፈንታነሽ

አቶ አካለ ወልድ ቢቸና ውስጥ ከአሮጌው የአውራጃ ጽሕፈት ቤት በር ፊት ለፊት፣ ከባሕር ዛፎቹ ሥር ተቀምጠው ማመልከቻ ሲጽፉ ኖረዋል። ድንበር የተገፋበት፣ ፍቺ የፈለገ፣ ጡረታው የዘገየበት ሁሉ እርሳቸው ዘንድ ይመጣል። ጽፈው፣ አስፈርመው ይሰጡታል። ባለጉዳዩ ወደ ግቢው ይገባል፤ እርሳቸው እዚያው ይቀራሉ። ዘበኞቹ ጉዳይ የሌለውን ሰው አያስገቡም ነበር፤ እርሳቸው ደግሞ የራሳቸው ጉዳይ ኖሯቸው አያውቅም።

አውራጃ ከቀረ በኋላ ሕንፃው የዕቃ ማከማቻ ሆነ። በ2011 ዓ.ም. ታድሶ ለጎብኚ ሲከፈት ግን አቶ አካለ ወልድ በስድሳ ሁለት ዓመታቸው ለመጀመሪያ ጊዜ በሩን አልፈው ገቡ።

የምታስጎበኛቸው ጸደንያ የምትባል፣ በቅርቡ ከሌላ አገር ተመድባ የመጣች የባህል ባለሙያ ናት። በእንጨቱ ደረጃ ይዛቸው ወጣችና የአስተዳዳሪውን ክፍል ከፈተችላቸው። ጠረጴዛ፣ ሁለት ወንበር፣ አንድ መስኮት።

«ይቺው ናት?» አሉ።

«ይቺው ናት፣ አባባ።»

«እኔ አዳራሽ ትመስለኝ ነበር።»

በመስኮቱ በኩል መስታወት የተገጠመለት ሣጥን ውስጥ የድሮ ደብዳቤዎች ተደርድረዋል። አቶ አካለ ወልድ መነጽራቸውን አድርገው ጎንበስ አሉ። ሦስተኛው ወረቀት የራሳቸው እጅ ጽሑፍ ነበር። አመልካቿ ፈንታነሽ ውበቴ፤ ዘመኑ 1973 ዓ.ም.። ኅዳጉ ላይ በቀይ እስክሪብቶ እንዲህ ይላል፦ «ለትምህርት ቤቱ፤ ትማር። ታኅሣሥ 12።»

ልጅቷን አልረሷትም። ያኔ አሥራ ሰባት ዓመቷ ነበር። የታመመች እናቷን ስታስታምም አንድ ዓመት ከትምህርት ቀረች፤ ስትመለስ ዓመት ዘለሻል ተብላ ሳትመዘገብ ቀረች። ማመልከቻውን ካስገባች በኋላ አንድ ወር ሙሉ ከገጠር በእግሯ ተመላለሰች፤ መልስ አልነበረም። እርሳቸው አዘኑላት። በመጨረሻው ቀን ጠሯትና፣ «እኅቴ፣ እንዲህ ያለ ጉዳይ ሲሳካ አላየሁም። በከንቱ አትድከሚ፤ ቤትሽ ግቢ» አሏት። አመስግናቸው ሄደች። ቀኑን ያስታውሱታል፤ የቅዱስ ገብርኤል ንግሥ ሊደርስ አሥራ አንድ ቀን ሲቀረው፣ ታኅሣሥ 8 ነበር።

«ምነው አባባ፣ ደከመዎት?» አለች ጸደንያ።

«የለም» አሉና ወንበር ፈልገው ተቀመጡ።

በማግስቱ ዘመዶቿን አፈላልገው ጠየቁ። በዚያው ዓመት ወደ ሞጣ ተድራለች፤ አሁን እዚያው ጤፍ ትሸጣለች አሏቸው። በሳምንቱ በሚኒባስ ተሳፍረው በደብረ ወርቅ በኩል ሞጣ ገቡ። ገበያው ውስጥ ሲያገኟት ለአንዲት ሴት ጤፍ እየሰፈረች ነበር። ማን እንደሆኑ ነገሯት። ወዲያው አወቀቻቸው።

«ጋሼ አካለ ወልድ! ምን እግር ጣለዎት?»

«ማመልከቻሽ ተፈቅዶልሽ ነበር። ቤትሽ ግቢ ባልኩሽ በአራተኛው ቀን።»

ፈንታነሽ ለሴትዮዋ የጀመረችውን ሰፍራ ጨረሰች። ጆንያውን አሰረችላት። ከዚያ እጇን አራግፋ፣ «ይህንን ባይነግሩኝ ምን ነበረበት?» አለች።

«ጥፋቱ የእኔ ነው» ብቻ አሉ። እርሷም አይደለም አላለቻቸውም። ምሳ እንዲበሉ ጋበዘቻቸው፤ ስለ ልጆቿ፣ ስለ ሟች ባሏ አወራችላቸው፤ ስለ ማመልከቻው ግን አላነሣችም።

ከሁለት ወር በኋላ ነጠላዋን አጣፍታ ቢቸና መጣች። «አሳዩኝ» አለቻቸው። አብረው ደረጃውን ወጡ። መስታወቱ ላይ አጎንብሳ ከመጀመሪያው ቃል እስከ መጨረሻው በጣቷ እየተከተለች ድምፅ አውጥታ አነበበች። «ትማር» የሚለው ላይ ስትደርስ አልቆመችም፤ ቀኑንም አነበበችው። ከዚያ ወደ ላይ ተመልሳ አንድ ቦታ ላይ ጣቷን አሳረፈች።

«ሰባተኛ ክፍል ብለው ጽፈዋል። እኔ ስምንተኛ ነበርኩ።»

«ስምንተኛ ነበርሽ?»

«ስምንተኛ። ከክፍሉም ሁለተኛ ነበር የምወጣው።»

ጸደንያ ወረቀቱን በስልኳ ፎቶ አንሥታ ሞጣ ላለችው ለፈንታነሽ ልጅ ለሃና ላከችላት። ሃና ወዲያው ደወለች፤ ፈንታነሽ መስኮቱ አጠገብ ቆማ ከልጇ ጋር ብዙ አወሩ። አቶ አካለ ወልድ ወርደው ግቢው ውስጥ ጠበቁ። ፈንታነሽ ስትወጣ ዓይኗ ቀልቶ ነበር። መናኸሪያ ድረስ ሸኟት። ሚኒባሱ ሲነሣ በመስኮት እጇን ዘርግታ ጨበጠቻቸው።

አቶ አካለ ወልድ ዛሬም ባሕር ዛፎቹ ሥር ይጽፋሉ። ባለጉዳይ፣ «ይሆንልኝ ይሆን?» ብሎ ሲጠይቃቸው፣ «እሱን እኔ አላውቅም፤ ነገም ሂድና ጠይቅ» ይሉታል። የትምህርት ነገር ከሆነ ግን የክፍሉን ቁጥር ሁለት ጊዜ ያስደግሙታል።