የእማ የቀትር ጌም

ከጥቂት ሳምንታት በፊት አንድ ዓርብ፣ ምሳ ተበልቶ ድሬዳዋ እንደ ልማዷ በሯን ዘግታ በተኛችበት ሰዓት፣ ልጄ ረምላ ሲሚንቶው ላይ ተንጋልላ ስልኳን ስትነካካ አንድ ዜማ ሰማሁ። ዜማ ማለትም አይቻልም፤ ቲሪሪም ብላ የምትጀምርና ሳትጠገብ የምታልቅ የጌም መክፈቻ ናት። ሳህን እያጠብኩ ነበር። የእጄን ሳሙና ሳላለቀልቅ ሄጄ ስልኩን ቀማኋት። ጥቁር መደብ፣ ቡናማ ጡቦች፣ ከታች በኩል አንዲት ሚጢጢ ታንክ። እሷው ናት።

"እማዬ፣ ምን ሆንሽ?" አለች ረምላ ደንግጣ።

"ይሄን ከየት አመጣሽው?"

"የድሮ ጌሞች ተሰብስበው ነው የሚመጡት። ለሳቅ ነው ያወረድኩት። በጣም ደባሪ ነው፤ ላጠፋው ነው።"

"እንዳታጠፊው" አልኳት። ድምፄ ለራሴም ከረረብኝ። ልጅቷ ግራ ገብቷት አየችኝና ስልኩን ትታልኝ ወጣች። እኔም እርጥብ እጄን ይዤ እዚያው ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ።

ልጅ ሳለሁ የምንኖረው መጋላ ሰፈር ውስጥ፣ ከደቻቱ ወንዝ ድልድይ ብዙም ሳይርቅ ነበር። አባ የጭነት መኪና ሹፌር ነው። ከጅቡቲ ወደብ እቃ እየጫነ ወደ መሀል አገር ያመላልሳል፤ እኛ ጋ የሚያድረው በወር አንዴ፣ ቢበዛ ሁለቴ ነው። ሲመጣ የጋቢናውን ሽታ ይዞ ይመጣል፤ ናፍጣና ቴምር አንድ ላይ። እማ አሸዋ ገበያ ውስጥ ብትን ጨርቅ ትሸጥ ነበር። ከሶማሌ ደንበኞቿ ጋር በሶማሊኛ ትከራከራለች፣ ከእናቷ ጋር በኦሮምኛ ታወራለች፣ እኔንና ታናሽ ወንድሜን ፉአድን ግን በአማርኛ ነበር የምትቆጣን። ደግሞም ትቆጣ ነበር። እማ ስትስቅ አይቻለሁ ብል በዚያን ጊዜ ማንም አያምነኝም ነበር።

አንድ ጊዜ አባ ከዱቄት ወተቱና ከቴምሩ መሀል ካርቶን አወጣ። ከቴሌቪዥን ጋር የሚገጠም ጌም ነው። ሁለት ጆይስቲክ አለው፤ ከላይ ካሴት የምንለው ወፍራም ፕላስቲክ ይሰካበታል፤ አልሠራም ሲል ካሴቱን አውጥተን እፍ እንልበታለን። አዳፕተሩ ሲግል የሚሸተው ሽታ እስካሁን አፍንጫዬ ውስጥ አለ። ያን ቀን የሰፈሩ ልጅ ሁሉ ሳሎናችን ውስጥ ታጨቀ፤ በር ላይ የቆመው፣ መስኮት ላይ የተንጠለጠለው ብዛቱ! አባ እኛን እያየ በኩራት ሲስቅ አመሸ። በማግስቱ ንጋት ላይ መኪናውን አስነስቶ ሄደ።

እማ ጌሙን አልወደደችውም። "ዓይን ያጠፋል፣ መብራት ይበላል" አለችና ቁም ሣጥን ውስጥ ቆልፋ ቁልፉን በሻሿ ጫፍ ቋጠረችው። ዓርብ ከሰዓት በኋላ ብቻ ተፈቀደልን። ሳምንቱን ሙሉ ዓርብን ስንጠብቅ እንሰነብት ነበር። ዛሬ ሳስበው የጨዋታው ግማሽ ያ መጠበቅ ነው። ቤታችን የነበረው የሙዚቃ ካሴትም እንደዚያው ነበር፤ አንድ የሱዳን ካሴት ነው፣ ክሩ ላልቶ ዘፋኙ እንደታመመ ሰው ሲያቃስት እንኳ እስከ መጨረሻው እንሰማዋለን። ረምላ አንድ ዘፈን ጀምራ ስትጨርስ አይቼ አላውቅም። ሌላ አለ፤ ከሌላው ቀጥሎም ሌላ አለ።

የድሬን ቀትር የሚያውቅ ያውቀዋል። ከስድስት ሰዓት በኋላ ሱቁ ይዘጋል፣ የጋሪ ፈረሶች ኒም ዛፍ ጥላ ስር አንገታቸውን ደፍተው ይቆማሉ፣ ቆርቆሮው ከሙቀቱ ብዛት ቋ ቋ ይላል። እማ ከገበያ ተመልሳ ምሳ ታበላንና ሲሚንቶው ላይ ውሃ ትደፋለች፤ በቀዘቀዘው ወለል ላይ ሰሌን አንጥፈን ሦስታችንም እንተኛለን። እስከ አስር ሰዓት ድረስ ከተማው ውስጥ የሚንቀሳቀስ ዝንብ ብቻ ነው።

አንድ ቀን ውሃ ጠምቶኝ ነቃሁ። እማ ከጎኔ የለችም። ከሳሎን ያቺ መክፈቻ ዜማ በቀጭኑ ተሰማችኝ፤ ድምፁ በጣም ተቀንሷል። በሩን ገፋ አድርጌ አየሁ። እማ እግሯን አጣጥፋ ቴሌቪዥኑ ስር ተቀምጣለች። ሻሿ ወልቆ ትከሻዋ ላይ ወድቋል። ጆይስቲኩን በሁለት እጇ ጨብጣ፣ የእሷ ታንክ ወደ ግራ ስትዞር እሷም ወደ ግራ ትጋደማለች፤ ወደ ቀኝ ስትዞር ወደ ቀኝ። ከላይ የሚወርዱትን የጠላት ታንኮች "ኮቱ! ኮቱ!" ትላቸዋለች በኦሮምኛ፣ ኑ እስቲ እያለች።

በሩ ላይ ቆምኩ። የምትቆጣኝ መስሎኝ ነበር። እሷ ግን ዓይኗን ከስክሪኑ ሳትነቅል "በሩን ዝጊው፣ ፉአድ እንዳይነቃ" አለችኝ። ቀጥላም "ነይ፣ ሁለተኛውን ያዢ።"

ከዚያ ቀን ወዲያ ቀትሩ የእኔና የእማ ሆነ። ፉአድ እንቅልፍ እስኪወስደው ጠብቀን፣ በጣት ጣታችን ተራምደን ሳሎን እንገባለን። እማ ጎምዛዛውን የሮቃ ፍሬ ውሃ በትልቅ ኩባያ ሠርታ መሀላችን ታስቀምጣለች። ጨዋታው ቀላል ነው፤ ከታች ያለችውን ትንሽ ቤት ጠላት እንዳያፈርሳት ሁለት ታንክ ሆነን መጠበቅ። እማ ግን ጨዋታ አልነበረም የምታስመስለው። "እኔ እወጣለሁ፣ አንቺ ቤቷን ጠብቂ!" ትለኛለች ድምጿን ዝቅ አድርጋ። ቤቷ ስትፈርስብን ጭኗን በጥፊ ትመታለች። አዲስ ደረጃ ስንገባ ደግሞ ሳቋ ይመጣል፤ ፉአድን እንዳትቀሰቅስ አፏን በሻሿ አፍና፣ ትከሻዋ እየተንቀጠቀጠ፣ እንባዋ እስኪወርድ ትስቃለች። ከአንገቷ ላይ የላብና የአዲስ ጨርቅ ሽታ ይሸተኛል። ክንዷ ክንዴን ይነካኛል። በገበያው ውስጥ ሰው ሁሉ የሚፈራት ያቺ ሴትዮ እኔ ጎን ተቀምጣ "አቦ ኢፍቱ፣ አድኚኝ!" ስትለኝ፣ ከዚያ በላይ የሚሆን ነገር በዓለም ላይ ያለ አይመስለኝም ነበር።

አንድ ቀን ለምን እንደምትጫወት ጠየቅኳት። "ይሄን ስይዝ ሌላ ነገር አይታየኝም" አለችኝ። እኔም እንደዚያው ነኝና መልሱ ትክክል መስሎኝ አለፍኩት።

ክረምት ላይ አባ መጣ። ጠዋት ደቻቱ ሞልቶ ስለነበር ድልድዩ ላይ ቆይቶ፣ ሱሪው እስከ ጉልበቱ ጭቃ ሆኖ ነው የደረሰው። ምሳ በላ። እንደ ሁልጊዜው ጋደም አላለም። ሲጋራ አውጥቶ ሳይለኩስ መልሶ ከተተው።

"ዘሀራ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ ነበር" አለ።

እማ ሳህን ትሰበስባለች።

"ልጁ ወድቆ እግሩ ተሰበረ። በጀሶ ታስሮ ተኝቷል። ቀኑን ሙሉ ያለቅሳል። ያንን ጌም ለጥቂት ጊዜ ብወስድለት..."

"የቱ ልጅ?" አልኩ እኔ።

አባ ወለሉን ያያል። እማ ሳህኖቹን እንደያዘች ቆማለች። እኔ የእማን ፊት አይቼ ቀስ ብሎ ገባኝ። አባ ጅቡቲ ሌላ ቤት አለው። እማ ዛሬ አይደለም የሰማችው፤ ቆይቷል።

"ስንት ዓመቱ ነው?" አለች በመጨረሻ።

"ስድስት።"

ሳህኖቹን አስቀምጣ ቁልፉን ከሻሿ ጫፍ ፈታች። ጌሙን አወጣችና በእርጥብ ጨርቅ ወለወለችው፤ በጆይስቲኮቹ ቁልፎች መሀል የገባውን አቧራ ሳይቀር በጥፍሯ አወጣችው። ገመዱን በሥርዓት ጠቀለለች። ካሴቶቹን ከተተች። ሁለቱንም ጆይስቲኮች ልትጨምር ስትል ተነስቼ አንዱን ያዝኩ።

"ይሄኛው የኔ ነው!" ብዬ ጮህኩ። ፉአድም ከእንቅልፉ ነቅቶ ማልቀስ ጀመረ።

እማ አልተቆጣችኝም። ተንበርክካ ጣቶቼን አንድ በአንድ ፈታቻቸው። "ኢፍቱ፣ ለብቻው ሲጫወት ይሰለቸዋል። ሁለቱንም ይውሰድ" አለችኝ።

አባ "ሌላ አመጣላችኋለሁ፣ ወላሂ" አለ። ያመጣልን ነገር የለም። ምናልባት ረስቶት ይሆናል፤ ምናልባትም ያን ካርቶን ድጋሚ ይዞ በእማ ፊት ለመግባት አፍሮ ይሆናል።

በማግስቱ ቀትር እማ ከጎኔ ተኛች። ዓይኗ ግን ተገልጦ ቆርቆሮውን ያያል። "እማ፣ ምን እናድርግ?" ስላት "ተኚ" ብቻ አለችኝ። ከዚያ በኋላ ያሉትን ቀትሮች ብዙም አላስታውሳቸውም። ከጊዜ በኋላ የልብስ ስፌት መኪና ገዛች፤ በቀትር የሚሰማው ድምፅ የእሱ ሆነ። የሰፋችው ድሪያ ቀሚስ እየተወደደላት ሄደና ትንሽ ሱቅ ከፈተች፤ እኔንና ፉአድን ያስተማረችንም በዚያ ነው። አባ ካረፈ ቆየ፣ አላህ ይርሀመው። የጅቡቲው ወንድማችን እግሩ ድኖ አድጎ ልጆች ወልዷል፤ በየኢዱ ለእማ ደውሎ እንኳን አደረሰሽ ይላታል።

ያን ዓርብ ማታ ረምላ ስትተኛ ስልኳን ወስጄ ጌሙን ከፈትኩት። እውነቱን ልናገር፣ ትንሽ ቆይቼ ሰለቸኝ። ያቺ ታንክ ቀርፋፋ ናት፤ ዜማዋም ያኔ ሙሉ ኦርኬስትራ የምትመስለኝ፣ አሁን የትንኝ ድምፅ ሆነችብኝ። ጌሙ አርጅቶ ነው ወይስ እኔ? ምናልባት ጆይስቲክ ስለሌለው ነው አልኩና በነጋታው ታይዋን የሚባለው ገበያ ወረድኩ። ከቴሌቪዥን ጋር የሚገጠመው ዓይነት ዛሬም አለ! በርካሽ ይሸጣል፣ ሁለት ጆይስቲክም አለው። ሻጩ ወጣት "ለልጅ ነው?" ሲለኝ "ለእናቴ ነው" አልኩት። ሳቀብኝ።

በቀጣዩ ዓርብ፣ ልክ በቀትር፣ ይዤላት ሄድኩ። እማ ሰባን ተጠግታለች፤ የምትኖረው በዚያው ቤት ነው። ስገጥም ምንም ሳትል አየችኝ። ጌሙ ሲከፈት ግን "አቦ! ይሄ ነገር አልሞተም እንዴ?" ብላ ሳቀች፤ ሳቋን አሁን አታፍነውም። ጆይስቲኩን ሰጠኋት። መነጽሯን አስተካክላ ጥቂት ተኮሰች። ቤቷ ፈረሰች። ጆይስቲኩን ቀስ አድርጋ ሰሌኑ ላይ አስቀመጠችው።

"እንድገም?" አልኳት።

"አንቺ ተጫወቺ፣ እኔ ልይሽ።"

"አላስደሰተሽም?"

"ደስ ይላል። ደስ አይልም አላልኩም።" ሻሿን አስተካከለች። "ግን ኢፍቱ፣ ያኔ እኮ ደስ ብሎኝ አልነበረም የምጫወተው። የአባትሽን ነገር የሰማሁት በዚያ ሰሞን ነው። ገበያ ስውል ሰው አለ፣ ማታ ድካም አለ። ቀትር ላይ ግን ምንም የለም። ሁሉ ይተኛል፣ እኔ ቆርቆሮ እያየሁ ላብድ እደርስ ነበር። እና ቁም ሣጥኑን ከፈትኩት። ምን እንደምተኩስ እንኳ አላውቅም፤ ብቻ እተኩሳለሁ።"

እነዚያን ቀትሮች ዕድሜዬን ሙሉ የደስታ ዘመናችን ብዬ ነበር የያዝኳቸው። ለጓደኞቼ፣ ለባሌ፣ ለረምላ ስንቴ አውርቻቸዋለሁ!

እማ ፊቴን አየች መሰለኝ እጇን ጉልበቴ ላይ ጣል አደረገች።

"አንቺ በሩን ከፍተሽ ስትመጪ ነው ጨዋታ የሆነው" አለችኝ። "ከዚያ በፊት ጨዋታ አልነበረም።"

ከዚያ ጋደም አለች። የቬንትሌተሩ ንፋስ የሻሿን ጫፍ ያነሳዋል፣ ይጥለዋል። ወዲያው እንቅልፍ ወሰዳት። እማ አሁን ቀትርን እንደማንኛውም የድሬ ሰው ትተኛለች፤ የሚያስጨንቃት የለም፣ የምትሸሸው ሐሳብ የለም። ጥሩ እንቅልፍ ነው የምትተኛው፤ አፏን ከፈት አድርጋ፣ እንደ ሕፃን።

ቴሌቪዥኑን አጠፋሁና አጠገቧ ተቀመጥኩ። ውጭ ባጃጅ እንኳ አያልፍም። ያን ጊዜ መልሱልኝ ማለት ለካ የእሷን ጭንቀትም መልሱልኝ ማለት ነው፤ ይሄን ካወቅሁ በኋላ መናፈቅ የማይገባኝ መስሎኝ ነበር። ቀስ ብዬ ወደ ሰሌኑ ዝቅ አልኩና ክንዴን ከክንዷ ጋር አስጠግቼ ተኛሁ። ዓይኔ ግን አልከደንም አለ። ይናፍቀኛል፤ ምን ላድርግ፣ ይናፍቀኛል።