ለእማዬ ወገብ የተቀነሰ ንፋስ

ወንድሜን ሰፈሩ «ሞተሩ» ይለዋል። ቆሞ ሻይ የሚጠጣ፣ ፊቱን እየታጠበ ስልክ የሚያወራ፣ ወንበር ላይ ሲቀመጥ እንኳ ጠርዙ ላይ ብቻ የሚያርፍ ሰው ነው። ሥራው ሶፋና ቁምሳጥን ማመላለስ ሲሆን፣ መኪናው ከእኔ ከታናሽ እህቱ በሁለት ዓመት ብቻ የምታንስ ቫን ናት። ማርጀቷን እሷ ካመነች ቆይታለች፤ ያላመነው እሱ ነው።

እማዬ ወድቃ ወገቧ ከተጎዳ ወዲህ ማክሰኞ ማክሰኞ ለፊዚዮቴራፒ የምናመላልሳት በዚህችው ቫን ነው። መንገዱ ጠመዝማዛና ጉድጓዳም ነው። ሐኪሙ ቁርጡን ነግሮናል፤ ሕክምናውን ካቋረጠች መራመድ ታቆማለች። ሞተሩ በዚህ ነገር እንቅልፍ አጣ። ለስላሳ ናቸው ሲሉት ለቤት መኪና የሚሆኑ ጎማዎች አስገጠመ። ይህም አልበቃው። ሁልጊዜ ማክሰኞ ጠዋት ከመነሳታችን በፊት ቁጢጥ ብሎ አራቱንም ጎማዎች ጥቂት ጥቂት ያስተነፍሳቸዋል። «ትራስ ላይ ነው የማስኬዳት» ይለኛል። እኔ ብልጧም «ጎበዝ!» እለዋለሁ።

ባለፈው ወር ታዲያ እማዬ «ከእንግዲህ አልሄድም፤ ደክሞኛል» ብላ ቁጭ አለች። ለምን ብንላት «ደከመኝ አልኩ እኮ!» ብቻ ነው መልሷ። ሞተሩ ከጓዳ ሳሎን፣ ከሳሎን በረንዳ ሲንጎራደድ እኔን አዞረኝ። በመጨረሻ ንፋሱን ይበልጥ ልቀንስ ብሎ ወጣ። አንዱ ጎማ ጎኑ አብጦ ቢያገኘው ወደ ሰፈራችን ጎሚስታ ከነፈ፤ እኔም አብሬው።

ጎሚስታዋ ጠና ያለች፣ ነገር የማታበዛ ሴት ናት። የተፈታውን ጎማ በመዳፏ ዳበሰችው። ሁለቱ ጠርዞች ተልጠው አልቀዋል፤ መሃሉ ግን ጥርሱ እንዳለ ነው።

«ንፋስ የሚቀንሰው ማነው?»

«እኔ ነኝ፣ እትዬ። እናቴን እንዳያንገጫግጫት ብዬ።»

«ታዲያ ኩርባ ላይ መኪናዋ አትዋልልብህም?»

«ትንሽ ትዋልላለች። መሪ ስለያዝኩ ግን ብዙም አይታወቀኝም።»

«አንተማ መሪ ይዘሃል። እናትህስ ምን ይዛለች?»

መልሱን የማውቀው እኔ ነበርኩ። እማዬ መንገዱን ሁሉ ጣቶቿ እስኪነጡ የበሩን እጀታ ጨብጣ ነው የምትሄደው። አጠገቧ ተቀምጬ ሳያት ሕመሙ ነው እል ነበር። አንድ ቀን እንኳ ምን ሆነሽ ብዬ አልጠየቅኳትም። አፈርኩ።

ሞተሩ ግድግዳው ሥር ከተደረደሩት ያገለገሉ ጎማዎች ጥርሰ ሙሉ የሆኑትን መርጦ ማንከባለል ጀምሯል። «ተው፣ ጥርሱን አይተህ አትሸወድ» አለችና ጎኑ ላይ የታተመውን ቁጥር አሳየችው። ከተሠራ ዘጠኝ ዓመት ሆኖታል፤ ላስቲኩ ደርቆ ተሰነጣጥቋል። በምትኩ ጎናቸው ጠንከር ያለ፣ ጭነት የሚችሉ የቫን ጎማዎች አውርዳ ገጠመችለት። ከዚያ የሾፌሩን በር ከፍታ እዚያ የተለጠፈ፣ የደበዘዘ ወረቀት በጨርቅ ወለወለች። ለፊት ጎማ ስንት ንፋስ፣ ለኋላው ስንት፣ ሲጫን ደግሞ ስንት እንደሚሞላ ተጽፎበታል። ሞተሩ ያንን በር ስንት ዓመት ሲከፍት ሲዘጋ አንድም ቀን አላነበበውም።

«ጠዋት፣ ጎማው ሳይሞቅ ንፋሱን ለካ። ጉድጓድ ስታይ ደግሞ ንፋስ ሳይሆን ፍጥነት ቀንስ» አለችው።

ፊቱን ሳየው ከሁሉም የከበደው ይህ የመጨረሻው ነው።

ማክሰኞ ጠዋት ንፋሱን ሦስት ጊዜ ለካ። እማዬንም «ዛሬን ብቻ ሞክሪልኝ» ብሎ በልመና አስገባት። ጉድጓዱ ጋ ስንደርስ ከበፊቱ ጠንከር አድርጎ አንገጫገጨን፤ ሞተሩ በመስታወቱ ሰረቅ አድርጎ አያት። የመጀመሪያው ኩርባ ላይ እጀታውን እንደያዘች ነበረች። ቫኗ ምንም ሳትዋልል ቀጥ ብላ ዞረች። ሁለተኛው ላይ የእማዬ እጅ ጭኗ ላይ ነበር።

«አመመሽ እንዴ፣ እማዬ?»

«ያማል እንጂ፤ መቼ ሳያመኝ ቀርቶ! ዛሬ ግን አልፈራሁም።»

«ምነው ታዲያ እስከዛሬ ሳትነግሪኝ?»

«ምን ብዬ ልንገርህ? ለእኔ ብለህ እዚያ አፈር ላይ ቁጢጥ ስትል በመስኮት እያየሁህ?»

ከኋላችን የተሰለፉት መኪኖች ክላክስ ያንባርቁብናል፤ ወንድሜ ግን እስከ ሐኪም ቤቱ በር ድረስ አንዴም አልፈጠነም።